በሞተና በታረደ መካከል

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚህ በፊት የሠራሁት ለጥቂት ዓመት ነው፤ የሠራሁበት ቦታም አሁን የለም። ስለዚህ መምህራችን «ሥራ ላይ ቆይታችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች ስለ ሥራ ዘመናችሁ ጻፉ፤ ለትምህርት ክፍሉ መጽሔት ይሆናል» ሲሉን፣ የኔ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ጥሩ ነገር ሠርቶ የጨረሰ ሰው ይጻፍ፤ የኛ ሥራ ግን መጨረሻው አላማረም። በዚያ ላይ በታሪኩ ውስጥ የሞተች ሴት አለች። ለመጽሔት ብዬ ስሟን ማንሳት ይከብደኛል።

አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። እንድጽፍ ያደረገኝ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በሚሰጠን ኮርስ፣ ዕውቀት በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስረዳውን ምዕራፍ ስንጀምር ሰሌዳው ላይ የተሳለው ሥዕል ነው። ከላይ «እንስሳ» ይላል፤ ከሥሩ «ወፍ»፤ ከወፍ ሥር «ንስር»። መምህሩ «የታችኛው የላይኛውን ባሕርይ ይወርሳል» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ቶሎ ቶሎ ገለበጠው። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።

በእንስሳት ጤና በዲፕሎማ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት ጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለ አንድ ቀበሌ ነበር። ከብት እከትብ ነበር፤ ቁስል አጥባለሁ፤ የትላትል መድኃኒት እሰጣለሁ። አለቃዬ ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰው ከብቱ ባይድንም ብዙ ቅር የማይለው ሰው ነበር። ስለ ደመወዙ ምንም አልልም፤ በዚያ ሙያ የሠራ ያውቀዋል። የተማርሁት ዋና ነገር ሰው ስለ ታመመ ከብቱ እንዴት እንደሚያወራ ነው። አንዱ «ሰንጋዬ ኛታ ዲዴ» ብሎ ይጀምርና፣ መብላት እምቢ አለ ማለቱ ነው፣ «ከትናንት ጀምሮ ተክዞ ቆሟል» ብሎ በአማርኛ ይጨርሳል። መጽሐፉ ላይ ያለው የበሽታ ምልክት በዚህ አነጋገር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው። እሱን ፈልጎ ማውጣት ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን የሚወድ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ነው ወደ ከሚሴ የተዛወርሁት። አንድ ፕሮጀክት ገበሬዎች በነፃ የሚደውሉበት የእንስሳት ጤና የስልክ መስመር ከፍቶ ነበር። ሰውየው ሲደውል ማሽኑ በተቀዳ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ እሱ ለ«አዎ» አንድን፣ ለ«የለም» ሁለትን ይጫናል። ማሽኑ መልሶቹን ይዞ ደንቦቹን ይፈትሽና ምክር ይሰጣል። ደንቦቹን የምንጽፈውም ድምፁን የምንቀዳውም እኛ ነን። ቢሮአችን ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ ነበር፤ የሚኒባስ ረዳቶች «ደሴ፣ ደሴ» ሲሉ ቀረጻ እናቋርጣለን።

የመስመሩ ኃላፊ ዶክተር ጀማል ነበሩ። ጡረታቸው የተቃረበ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ስለ ደንብ አጻጻፍ የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት ከሳቸው ነው። ማንኛውም ደንብ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት እሳቸው ደረጃውን ወርደው ገበሬ ሆነው ይደውሉልኛል። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ፦

«ሄሎ፣ አካም ጅርቱ፣ ነጋያ?»

«ነጋያ፣ አልሃምዱሊላህ። ምን ልርዳዎት?»

«ላሜ ታማብኛለች።»

«ትኩሳት አላት?»

«እኔ ትኩሳት በምን እለካለሁ? ዶክተር ብሆን እደውልልሽ ነበር?»

ሳቅሁ።

«አትሳቂ፤ ሰውየው ሊዘጋው ነው። ደግመሽ ጠይቂው።»

«ጆሮዋን ሲነኩት ይሞቃል?»

«አሁን አማርኛ አወራሽ። ይሞቃል።»

ተመልሰው ሲወጡ ያላባቸውን ግንባር እየጠረጉ «ትኩሳት የሚለውን አጥፊው፤ ጆሮ በይው» ይሉኛል። በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከታች ያለው ባለ ሱቅ «ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ የማን ላም ናት?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ካርቶን መቁረጥ ነው። የመድኃኒት ካርቶን በመቀስ ቆራርጠው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ፤ ከብት፣ በሬ፣ ላም፣ ሞት፣ እብጠት፣ ደም። ከዚያ ወለሉ ላይ ይደረድሩታል። በሬ ከከብት ሥር ይሆናል፤ ስለ ከብት የተባለው ሁሉ በሬንም ይመለከተዋልና እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። «ደንብ ይህ ከሆነ ያ ነው ይላል። ይህ የዘር ሐረግ ደግሞ ማን የማን እንደሆነ ይናገራል። አንዱን ካርቶን ያለ ቦታው ካስቀመጥሽው የማያውቀውን ሰው ዕዳ ይወርሳል» ይሉኛል። ተንበርክከው አንዷን ካርቶን ይዘው የት እንደሚያስቀምጧት ሲያስቡ ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

ከፕሮጀክቱ ዋና ቢሮ ተጽፈው የሚመጡ ደንቦችም ነበሩ። ለሁሉም አካባቢ አንድ ናቸው፤ እኛ የምናደርገው በድምፅ መቅዳት ብቻ ነው። ከነሱ መካከል አንዱ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው የአባ ሰንጋ በሽታ ደንብ ነው። ደህና የዋለ ከብት በድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም ከወጣ፣ ደሙም ካልረጋ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ አይከፈት፣ አይበላ፣ ተቆፍሮ ይቀበር። መማሪያ መጽሐፋችን የሚለውም ይህንኑ ነው። ያነበበው ባለሙያ ሁሉ ጥሩ ደንብ ነው ብሏል።

ያ ደንብ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። እኛ አገር ከብት ሲያጣጥር ቢላዋ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይታጣም። ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደ ስጋው ሐላል ነው፤ ነፍሱ ከወጣች በክት ነው፣ ለውሻ ነው። ስለዚህ ከብት የወደቀበት ቤት የሚጠየቀው «ደረሳችሁበት?» ተብሎ ነው። ከደረሱበት ጎረቤት ስጋውን ይከፋፈልና የቻለውን ያዋጣል፤ ባለቤቱ ሌላ በሬ ይተካል። ያ ቤት በዚያ ይጽናናል። በዚህ ምክንያት ጨፋ ውስጥ በአባ ሰንጋ የሚሞት ከብት ጥቂት ነው። የሚበዛው ሊሞት ሲል የሚታረደው ነው።

ጋሽ እንድሪስ ከቦርከና ወንዝ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ክረምቱ እንደገባ አንድ ጠዋት በሬያቸው ከነቀንበሩ ወደቀ። ደረሱበት፤ አረዱት። ጠዋት ደህና የነበረ በሬ መውደቁ ግን ስላልተዋጠላቸው፣ ስጋው ከመከፋፈሉ በፊት ወደ መስመሩ ደወሉ። ይህን ያደረጉት ጠንቃቃ ስለሆኑ ነው። ማሽኑ በሬው ሞቷል ወይ ሲላቸው ሁለትን ተጫኑ፣ የለም ማለት ነው። ሆዱ ተነፍቷል ወይ ሲላቸው አንድን ተጫኑ። እርጥብ ሣር በልቷል ወይ ሲላቸውም አንድን። ማሽኑ የሣር መነፋት ነው አለና፣ ሌሎቹን ከብቶች ጤዛው ሳይነሣ እንዳያሰማሯቸው መከራቸው። ስለ ስጋው ክፉ አልተናገረም። ስጋው ተከፋፈለ።

ባለቤታቸው ዘይነባ ሆድ ዕቃውን አጠበች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ስጋውን የነኩ ጎረቤቶች እጅ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጣ፤ ጤና ጣቢያ ታክመው ዳኑ። ዘይነባ ግን ሆዷን ነበር ያመማት። ሆዱን የማያመው ማን አለ ተብሎ ቀኑ ሄደ። ወደ ደሴ ሲወስዷት መንገድ ላይ ሞተች።

ጋሽ እንድሪስ ከለቅሶው በኋላ ወደ ቢሮአችን መጡ። ሊጣሉ የመጡ መስሎኝ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ሰላምታ ሰጥተው ቁጭ አሉ።

«ስልኩ ላይ የምታወራው ሴት የታለች?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ልጅ ነሽ ለካ። በድምፅሽ እናት መስለሽኝ ነበር። በይ ያን ዕለት እንደጠየቅሽኝ ጠይቂኝ።»

ዶክተር ጀማልን አየኋቸው። ጠይቂ የሚል ምልክት ሰጡኝ።

«በሬው ሞቷል?»

«አልሞተም። በዚህ እጄ ነው ያረድሁት።»

«ሆዱ ተነፍቷል?»

«ተነፍቷል።»

«እርጥብ ሣር በልቷል?»

«በክረምት እርጥብ ሣር ያልበላ ከብት የት ይገኛል?»

የማሽኑ ጥያቄ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ታዲያ የቱ ላይ ነው የተሳሳትሁት?» አሉ።

ዶክተር ጀማል «የትም ላይ» ብለው መለሱላቸው።

«ሞቷል ብል ኖሮ አትብሉ ትለኝ ነበር?»

«አዎ፣ ትልዎት ነበር።»

«ያልሞተውን ሞተ ብዬ።»

ጋሽ እንድሪስ ሲነሡ «ለዘይነባ ምንም አታደርጉላትም» አሉ። «የሚቀጥለው ሰው ሲደውል ግን እንደኔ እንዳይሆን። የኛ ሰው ከጠየቃችሁት እውነቱን ነው የሚነግራችሁ።»

ዶክተር ጀማል ያን ቀን ካርቶኖቹን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረጉ። አዲስ ካርቶን ቆርጠው «ሊሞት ሲል የታረደ» ብለው ጻፉበት። ከሞተው ሥር አላደረጉትም፤ ለገበያ ከታረደው ጋርም አልደባለቁትም። ብቻውን ቦታ ሰጡት። ከዚያ ወደ ዋናው ቢሮ ደውለው ለኔም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። የመለሰላቸው ወጣት ባለሙያ ትሑት ነበር፤ ለችግሩም አዘነ።

«ዶክተር፣ አዲስ ቦታ መክፈት አንችልም» አለ። «መዋቅሩ ለሁሉም አካባቢ አንድ ነው። ታረደ የሚለውን ሞተ ከሚለው ሥር እናስገባው። ያኔ ደንቡ ይሠራል።»

«ከሞተ ሥር ካስገባኸው የሞተውን ሁሉ ይወርሳል።»

«እንዲወርስ እኮ ነው የምንፈልገው። አይበላም የሚለውን ይወርሳል።»

«በክት ነው የሚለውንስ?»

«እሱም አለ፤ ምክሩ ላይ ነው የተጻፈው። ለኮምፒውተሩ ግን ያው ነው። ሁለቱም ነፍስ የላቸውም።»

«ለከሚሴ ያው አይደለም፣ ልጄ።»

የምክሩን ድምፅ እንኳ ለሞተውና ለታረደው ለየብቻ እንድንቀዳ ለመኑት። ለአንድ ምክር አንድ ድምፅ ነው የሚያያዘው አላቸው። ዶክተር ስልኩን ዘጉ። ወይ ደንቡ እንዳለ ይቆያል፣ የሚቀጥለው ሰውም እንደ ጋሽ እንድሪስ ይሆናል፤ ወይ የተባለውን እናደርጋለን። ሰው ከሚሞት፣ ሰው ቢቀየመን ይሻላል አሉ። እኔም በጊዜው የተሻለ አላየሁም፤ ዛሬም ሳስበው አላይም።

ስለዚህ በሬው ታርዷል ብሎ አንድን የተጫነ ሰው እንዲህ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር፦ «ከብትዎ ስለሞተ ስጋው በክት ነው፤ እንዳይበላ።» ድምፁ የኔ ነው።

ሰው ብዙ አልተቆጣም። መደወል ተወ። መጀመሪያ ከጨፋ የሚመጣው ጥሪ ሳሳ፤ ቆይቶ ደረቀ። ምክንያቱን የነገረችኝ በገበያ ቀን ጨፋ ሮቢት ላይ ያገኘኋት በርበሬ ሻጭ ናት። ዋጋ ስጠይቃት ድምፄን ለየችው።

«ኧረ እቺ የስልኳ ናት» አለች ለጓደኞቿ። «ነይማ፣ ከወዲያ ስጋ አለልሽ። ለካ ላንቺ ሁሉም በክት ነው።»

ሳቁ። ከጎናቸው እህል የሚያስመዝኑ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ቢስሚላህ ብሎ ያረደን ሰው በክት አበላህ ይሉታል?»

«እኔ አይደለሁም፣ አባባ፤ ማሽኑ ነው።»

«ድምፁ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ዶክተር ጀማል ይህን ስነግራቸው ካልደወሉልን እኛ እንሄዳለን አሉ። በሳምንት ጥቂት ቀን በባጃጅ እየወረድን ከቤት ቤት ዞርን። እሳቸው የሚናገሩት ቀላል ነበር፤ «ደህና ውሎ በድንገት የወደቀ ከብት፣ ሞተም ታረደም አይበላ። ሐላል አይደለም አላልሁም። በሽታ አለበት ነው ያልሁት።» ሰው ያዳምጣቸዋል። ሻይ ይሰጣቸዋል፤ ዱዓ ያደርግላቸዋል። ይሁን እንጂ ሸለቆው ሰፊ ነው። ክረምት ሲሆን ባጃጅ የማይገባበት ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሁሉም ጋ ሊደርሱ አይችሉም፤ ስልኩ የተፈለገውም ለዚህ ነበር። ደንቡን በዚያ አነጋገር መጻፍ ስንችል መዋቅሩ አይቀበለውም፤ መዋቅሩ በሚቀበለው አነጋገር ስንጽፈው ሰው አይቀበለውም። በመካከል ሆነን እንዞራለን።

ጡረታቸው ሲደርስ ዶክተር ጀማል ካርቶኖቹን ለኔ ትተውልኝ ሄዱ። በሳቸው ቦታ ሌላ ሐኪም አልተቀጠረም። ዋናው ቢሮ ደንብ መጻፍ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ማሽኑ ራሱ ይማራል አለ። ያ ትሑት ባለሙያ አዲሱን ሥርዓት ሊያስተዋውቀኝ ከሚሴ ድረስ መጣ።

«ከምን ይማራል?» አልሁት።

«እስከ ዛሬ ከደወሉ ሰዎች። ብዙ ምሳሌ ካየ ራሱ ይለያል።»

«ያልደወሉትስ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ያላየውን አያውቅም» አለ። ዋሽቶ ሊያጽናናኝ አልፈለገም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

እሱ እያየ የጋሽ እንድሪስን በሬ አስገባሁበት፤ በድንገት የወደቀ፣ የታረደ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እርጥብ ሣር የበላ። ማሽኑ የሣር መነፋት አለኝ፤ እርግጠኛ መሆኑንም አሳየኝ። ለምን እንዲህ እንዳለ ልይ ብል ከቁጥር በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም። በደንቡ ጊዜ ስህተቱ የቱ ካርቶን ላይ እንዳለ በጣቴ ማሳየት እችል ነበር። ቦታውን መቀየር ባይፈቀድልኝም ማሳየት እችል ነበር። አሁን ማሳየትም ቀረ። እንዲታረም ከጨፋ ብዙ ጥሪ ያስፈልገዋል፤ ከጨፋ ደግሞ የሚደውል የለም፤ የማይደውሉት በኛው ምክንያት ነው። ይህን ነገር ከየትኛው ጫፍ እንደምይዘው እዚህ ተምሬም እስካሁን አላወቅሁም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሽ እንድሪስ በራሴ ስልክ ደወሉልኝ።

«ዘሀራ፣ የጎረቤቴ በሬ ወድቋል።»

«ሞቷል ወይስ...» አልሁና አቆምሁ። «እንዳይነኩት ይንገሯቸው፣ ጋሼ። አሁኑኑ።»

«ነገርኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ልቡ ስላልጠገገ ነው አሉ። ሚስት የሞተችበት ሰው ስጋ ሁሉ መርዝ ይመስለዋል አሉ። አንዱ ደግሞ የዚያች የስልኳ ደቀ መዝሙር ሆነሃል ወይ አለኝ።» በስልኩ ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። «ተይው በቃ። ደርሰውበታል።»

የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ፈልጌ ላክሁ፤ ሲደርስ ስጋው በየቤቱ ገብቶ ነበር። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። እጃቸው የቆሰለ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጋሽ እንድሪስ አብረዋቸው ተቀምጠው የአንዱን ሰው ፋሻ ያስተካክሉ ነበር። አዩኝ፤ ሰላም አሉኝ፤ ስለ መስመሩ ግን አልጠየቁኝም። ውስጥ በአልጋ ላይ የሆዱ ሕመም የጸናበት አንድ ጎልማሳ ነበር። በማግስቱ አረፈ። ማሽኑ ስለ እሱም ስለ በሬውም የሚያውቀው የለም፤ ወደ መስመሩ ማንም አልደወለማ።

ለመስመሩ የተያዘው ገንዘብ ስላለቀ እንደማይታደስ የሚገልጽ መልእክት ከዚያ በኋላ ደረሰን። ኮምፒውተሮቹን መጥተው ወሰዷቸው። የባለ ሱቁ ልጅ ክፍሉን ለቆርቆሮ ማከማቻ ፈለገው፤ ቁልፉን አስረከብሁት። መስመሩ የተዘጋው ባለፈው ዓመት ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው።